«ፎርማት ላድርግ?» ሲላችሁ ቶሎ «እሺ» አትበሉ፦ የኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ጥያቄና መልስ

አራት ኪሎ አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ከሱቄ ጎን ፎቶ ኮፒና ጥራዝ ቤት አለ። መመረቂያ ጽሑፉን ሊያሳትም የመጣ ተማሪ ፍላሹ እዚያ እምቢ ሲለው ወደ እኔ ይዞት ይሮጣል። የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ይመጣሉ፣ ጡረታ የወጡ መምህራን ይመጣሉ። ቅሬታው አንድ ነው፤ «እዛኛው ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፣ እዚህኛው ላይ አይሠራም።» ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ሥራም ቀዝቀዝ ብሏል። ሱቁን እስክዘጋ ጠይቁኝ ብያለሁ፤ ጥያቄው ከጠበቅኩት በላይ ሆነ።

ጥያቄ፦ ቪዲዮ ኤዲተር ነኝ፣ ካዛንቺስ ነው የምሠራው። የደንበኛዬ ሀርድ ዲስክ ማክቡኬ ላይ ይከፈታል፣ ፋይሉም ይታየኛል። የጨረስኩትን ሥራ ልገለብጥበት ስል ግን እምቢ አለ። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም እህቴ። የወረዳ መዝገብ ቤት ገብተሽ ታውቂያለሽ? ፋይልሽ መደርደሪያው ላይ አለ። የት እንዳለ የሚያውቁት ግን ቁጥር የሰጡት ሴትዮ ብቻ ናቸው። እሳቸው የዓመት ፈቃድ ከወጡ፣ ተተኪው ልጅ መደርደሪያውን እያየ ይቆማል። ፋይል ሲስተም የምንለው የሴትዮዋን አመዘጋገብ ነው። የደንበኛሽ ዲስክ የተመዘገበው በኤንቲኤፍኤስ ነው፤ በፈረንጆቹ 1993 ከዊንዶውስ ኤንቲ ጋር የመጣ፣ የዊንዶውስ የራሱ አመዘጋገብ። ማክ እሱን ማንበብ ይችላል፣ መጻፍ ግን አይችልም። ስለዚህ ከዲስኩ ወደ ማክሽ መቅዳት ይቻላል፣ ከማክሽ ወደ ዲስኩ አይቻልም።

ለማክ መጻፊያ ሶፍትዌር የሚሸጡ አሉ፤ ፓራጎንና ተክሴራ የታወቁት ናቸው። በየቀኑ የደንበኛ ዲስክ የሚመጣልሽ ከሆነ ከፍለሽ ተገላገዪ። አልፎ አልፎ ከሆነ ግን ሥራውን በራስሽ ዲስክ አውጥተሽ፣ እነሱ ዊንዶውስ ላይ ይገልብጡት። የሰው ዲስክ ፎርማት አታድርጊ። «ምንም የለበትም፣ አጥፊው» ቢሉሽም አታድርጊ። በኋላ «የልጄ ክርስትና ፎቶ ነበረበት» ይመጣል።

ጥያቄ፦ የእኔ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ከማክ የመጣ ዲስክ ዊንዶውስ ላይ ስሰካው «ከመጠቀምህ በፊት ፎርማት ማድረግ አለብህ» ይላል። ላድርገው?

መልስ፦ እንዳታደርገው! የማክ ዲስክ በኤፒኤፍኤስ ወይም በድሮው ኤችኤፍኤስ ፕላስ የተሠራ ነው፤ ዊንዶውስ ሁለቱንም አያነብም። አንዳንዴ ጭራሽ አያሳይህም፣ አንዳንዴ ፎርማት ላድርግ ይልሃል። ማክም ያው ነው፤ የማያውቀው ዲስክ ሲገባለት «ኢኒሻላይዝ» የሚል ምርጫ ያቀርባል። ትርጉሙ ያው ማጥፋት ነው። «ኢጀክት» በለውና ንቀለው።

ይሄን የማውቀው ተቃጥዬ ነው። ሱቅ በከፈትኩ ዓመት አንዲት ሙሽራ የሠርጓን ፎቶ የያዘ ዲስክ አመጣች። መስኮቱ ብቅ አለ፤ እኔም በስልክ እያወራሁ «እሺ» አልኩ። ደግነቱ ፈጣኑ ፎርማት ስለነበር የጠፋው መዝገቡ እንጂ ፎቶው አልነበረም። የጠፋ ፋይል በሚያወጣ ሶፍትዌር መለስኩት። ግን ስም የለ፣ ፎልደር የለ፤ መልሱ፣ ቅልቅሉ፣ ሽምግልናው ሁሉ በቁጥር ብቻ ተደባልቆ ወጣ። የሙሽራዋ እህት ሁለት ቀን ሙሉ ሱቄ ተቀምጣ ስትለይ ከረመች። ማኪያቶውን የከፈልኩት እኔ ነኝ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሁሉም ላይ የሚሠራው የቱ ነው?

መልስ፦ ኤክስፋት የሚባለው አመዘጋገብ። ማይክሮሶፍት በፈረንጆቹ 2006 ያወጣው ነው። ማክ ከ2010 ጀምሮ ያነባል፣ ይጽፋልም። ሊኑክስ የሚባለው ሌላው ኦፐሬቲንግ ሲስተምም ከ2019 ወዲህ ከርነሉ (እምብርቱ) ውስጥ አስገብቶታል። አዲስ ዲስክ ከገዛችሁ፣ አንድም ነገር ሳትጭኑበት ዊንዶውስ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ፎርማት፣ ኤክስፋት። ማክ ላይም በዲስክ ዩቲሊቲ ይሠራል። እኔ ግን ዊንዶውስ ላይ ማድረጉን እመርጣለሁ፤ ማክ ላይ የተሠራ ኤክስፋት ዊንዶውስ አልቀበል ሲል አይቻለሁ።

አንድ ጉድለት አለው። ኤንቲኤፍኤስና ኤፒኤፍኤስ ሥራ መሃል ሲቋረጥ መዝገባቸው እንዳይበላሽ የሚጠብቁበት ዘዴ አላቸው። ኤክስፋት ያ የለውም። ዴስክቶፕ ላይ 60 ጊጋ እየገለበጣችሁ መብራት ቢሄድ ዲስኩ ላይ የነበረው ሌላ ፋይልም አብሮ ሊታመም ይችላል። ስለዚህ ለማመላለሻ እንጂ ብቸኛ ማስቀመጫ አታድርጉት። ስትነቅሉም «ሴፍሊ ሪሙቭ» በሉ። አዎ፣ ሁሌም።

ጥያቄ፦ ፍላሼ ላይ 20 ጊጋ ባዶ ቦታ አለ። 6 ጊጋ ፊልም ግን «ፋይሉ ትልቅ ነው» ብሎ አይቀበልም።

መልስ፦ ፍላሽህ የተመዘገበው በድሮው አመዘጋገብ፣ በፋት 32 ነው። አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ በላይ አይዝም። ያለውን ኮፒ አድርገህ አውጣና ወደ ኤክስፋት ቀይረው። ቲቪ ላይ የምትሰካው ከሆነ ግን መጀመሪያ በሌላ ፍላሽ ሞክር፤ አሮጌ ቲቪዎች ኤክስፋት አያውቁም።

ጥያቄ፦ አምስት ኪሎ ተማሪ ነኝ፤ ላፕቶፔ ላይ ዊንዶውስም ኡቡንቱ የሚባለው ሊኑክስም አለ። ኡቡንቱ ስገባ ኤክስተርናሉ ማንበብ ብቻ ይሆንብኛል። ትናንት ግን ይጽፍ ነበር።

መልስ፦ ትናንት ዊንዶውስን «ሸት ዳውን» ብለህ ዲስኩ እንደተሰካ ነው የተውከው አይደል? የዛሬ ዊንዶውስ ሲዘጋ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ፋስት ስታርትአፕ የሚባለው ነገር ቶሎ ለመነሳት ሲል ግማሽ እንቅልፍ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ዲስኩን «ገና በእጄ ነው» ብሎ ምልክት አድርጎበት ይተኛል። ኡቡንቱ ያንን ሲያይ ላለማበላሸት ብሎ አይጽፍም። ጨዋ ነው። ወደ ዊንዶውስ ተመለስ፣ ዲስኩን በሥርዓቱ አውጣ። ከዚያ ሺፍት ተጭነህ ሸት ዳውን በል፣ ወይም ሪስታርት አድርግ፤ ሪስታርት ሲባል ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። በኃይል እንዲጽፍ የሚያደርግ ትእዛዝ አግኝቻለሁ እንዳትለኝ። አለ፣ አትንካው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ጡረታ ወጥቻለሁ። ፍላሼን ኢንተርኔት ቤት ሰክቼው ከመጣሁ ወዲህ ያለው ሁሉ ሾርትከት ሆነ። የጻፍኩት ሁሉ ጠፋ ማለት ነው?

መልስ፦ አይዞዎት አባቴ፣ አልጠፋም፤ ተደብቆ ነው። ቫይረሱ እውነተኛውን ፎልደር ይሸሽግና በቦታው ሾርትከት ያስቀምጣል። ሾርትከቱን ሲጫኑት ፎልደሩን ይከፍትልዎታል፣ በጎን ደግሞ ቫይረሱን ያስነሳል። ስለዚህ አይጫኑት። ከቤተሰብ ኡቡንቱ ያለው ልጅ ካለ ፍላሹን እሱ ላይ ይሰካልዎት። ሊኑክስ ለዊንዶውስ የ«ደብቅ» ምልክት አይታዘዝም፤ የዊንዶውስ ሾርትከትም እሱ ላይ አይነሳም። ብዙ ጊዜ ስም የሌለው አንድ ፎልደር ያያል፤ ጽሑፍዎ እዚያ ውስጥ ነው። ሰነዱን ብቻ ያውጣልዎትና ፍላሹን ፎርማት ያድርገው። ከሌለ ወደ እኔ ብቅ ይበሉ፣ ሻይ እየጠጡ ያልቃል።

ጥያቄ፦ 1 ቴራ ገዝቼ 931 ጊጋ ነው የሚያሳየኝ። ተበላሁ?

መልስ፦ አልተበላህም። አምራቹ በ1000 ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1024። ማክ ላይ ብትሰካው 1 ቴራ ይልሃል።

ጥያቄ፦ የአባቴን የድሮ ጽሑፎች ከ1990ዎቹ ኮምፒውተር ወደ ማክ አመጣኋቸው። ፋይሉ ይከፈታል፣ ግን አማርኛው ዝብርቅርቅ የላቲን ፊደል ሆኗል። ሀርድ ዲስኩ ነው?

መልስ፦ ዲስኩ ንጹህ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ከዚያ በፊት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት የአማርኛ መጻፊያዎች የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ ተውሰው ነበር አማርኛ የሚያሳዩት። ማክሽ ላይ ለዩኒኮድ አማርኛ ከፋ የሚባል ፎንት አለ፤ ለአባትሽ ጽሑፍ ግን አይረዳም። የተጻፈበትን ፎንት ፈልገሽ ጫኚና ጽሑፉን መርጠሽ ፎንቱን ቀይሪ፤ ይመጣል። ከዚያ ወደ ዩኒኮድ ማስቀየር ነው። ዋናውን ፋይል ግን ሳትነኪው አስቀምጪ።

ጥያቄ፦ ከማክ ወደ ፍላሽ ዘፈን ገልብጬ መኪና ላይ ስሰካ እያንዳንዱ ዘፈን ሁለት ጊዜ ይታያል፤ አንዱ አይጫወትም።

መልስ፦ ነጥብና ከታች ሰረዝ ብሎ የሚጀምረው የማክ ማስታወሻ ነው። ማክ በሰው ፍላሽ ላይ እንደዚህ ዓይነት ብጣቂ መተው ይወዳል። ዊንዶውስ ላይ ሰክተህ አጥፋቸው፣ ዘፈኑ ምንም አይሆንም።

ጥያቄ፦ ዲስኩ ላይ የቁልፍ ምስል አለው። ማክ ላይ አይከፈትም፣ ፓስዎርዱንም ረስቼዋለሁ።

መልስ፦ ቢትሎከር ነው፤ የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ። ማክ በራሱ አይከፍተውም፣ ዊንዶውስ ያስፈልግሃል። ባለ 48 አሃዝ መመለሻ ቁልፍ አለው፤ ማይክሮሶፍት አካውንትህ ውስጥ ወይም ያኔ ባተምከው ወረቀት ላይ ፈልግ። ከሌለ በቃ። «እከፍትልሃለሁ» የሚል ሰው ካገኘህ ኪስህን ጠብቅ።

ጥያቄ፦ ሲሰካ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ከዚያ ዝም።

መልስ፦ አሁኑኑ ንቀለው። ይሄ የዊንዶውስና የማክ ጉዳይ አይደለም፣ ውስጡ ያለው አካል ነው የታመመው። እያንዳንዱ ሙከራ ይብስበታል። እኔም አልነካውም፤ ከፍቶ የሚሠራ ባለሙያ ነው የሚያስፈልግህ።

ጥያቄ፦ የካዛንቺሷ ነኝ፣ ተመለስኩ። ምክርህን ሰምቼ የራሴን ዲስክ ሰካሁ። አሁን ደግሞ ማኩ «ይሄን ዲስክ ለታይም ማሽን ልጠቀምበት?» ይለኛል።

መልስ፦ «አትጠቀም» የሚለውን ንኪ። ታይም ማሽን፣ የማኩ ባክአፕ ማለት ነው፣ ዲስኩን ለራሱ ሊያዘጋጀው ነው፤ ሲያዘጋጅ ደግሞ ያለበትን ሊያጠፋ ይችላል። ነካሽው? መስኮቱ ጠፋ? በይ አሁን ሥራሽን ገልብጪ፤ እኔም በሩን ልዝጋ።