ከቫይረስ ሕመም በኋላ ድካሙ አልለቅ ሲል ስለሚበላው

ትኩሳቱ ከለቀቀዎት 6 ሳምንት ቢያልፍም ድካሙ እንዳልተወዎት፣ የምግብ ሽታ እንደሚያስጠላዎትና «አቅም የሚመልስ ምን ልብላ? ቫይታሚንስ ልግዛ?» ብለው መጠየቅዎን አነበብኩ። ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን ከኮቪድ በኋላ 5 ወር ያህል በዚሁ ሁኔታ ስላሳለፍኩ የረዳኝን ልንገርዎት።

ትልቁ ስህተቴ የምግብ ፍላጎቴ እስኪመለስ መጠበቄ ነበር። ሰውነት ሲታመምና ብዙ ሲተኛ ጡንቻውን ስለሚያጣ፣ ሳይበሉ በቆዩ ቁጥር ድካሙ ይብሳል፤ ድካሙ ሲብስ ደግሞ ማብሰሉ ቀርቶ ማኘኩ ራሱ ሥራ ይሆናል። ክብደቴ ብዙም አልቀነሰም እያልኩ ራሴን ሳጽናና ቆይቼ፣ አንድ ቀን ከአጭር ወንበር ለመነሳት ጠረጴዛውን በሁለት እጄ መያዝ ግድ ሲሆንብኝ ነው የጭኔ ጡንቻ መሟሸሹ የገባኝ።

ከዚያ ወዲህ ራበኝ አልራበኝ ሳልል በየ3 ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ፣ ግን ሁልጊዜ ፕሮቲን ያለበትን ነገር መብላት ጀመርኩ። የሥነ ምግብ ባለሙያዋ የነገረችኝ መጠን፣ ኩላሊቱ ጤናማ ለሆነና ከሕመም ለሚያገግም ሰው፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በቀን ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ከ72 እስከ 90 ግራም ይሆናል ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ብቻ ስለሚሰጥ ይህ በአንድ ማዕድ አይሞላም፤ ስለዚህ የአትክልት ሾርባዬ ውስጥ የተፈጨ ምስር፣ የተቀቀለው ድንች ላይ ደግሞ የዱቄት ወተት እጨምር ነበር። የማበስለው ትንሽ አቅም በሚኖረኝ በጠዋቱ፣ አትክልቱንም ተቀምጬ እየከተፍኩ ነበር።

ሽታውን በተመለከተ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቸግረው ከትኩስ ምግብ የሚነሳው እንፋሎት ነው። ሽታ የሚለየው የአፍንጫ ክፍል በቫይረሱ ተጎድቶ ሲያገግም ሽንኩርት፣ ቡናና የተጠበሰ ሥጋ የተቃጠለ ወይም የበሰበሰ ነገር ሊሸቱ ይችላሉ፤ ለእኔ ሽንኩርት የተቃጠለ ጎማ ነበር። የተቀቀለ እንቁላል አቀዝቅዤ ሎሚ ስጨምቅበት፣ እርጎም ከሙዝ ጋር በጥብጬ ከማቀዝቀዣ እንዳወጣሁት ስጠጣው ግን ያለ ችግር ይወርድልኝ ነበር።

ቫይታሚኑን ሳይመረመሩ አይግዙ። እኔ በእንክብል ገንዘቤን ከጨረስኩ በኋላ ነው የደም ምርመራው የብረት እጥረት ያሳየው፤ ሐኪሙ ካዘዘልኝ መድኃኒት ሌላ ሻይና ቡና የብረትን መመጠጥ ስለሚቀንሱ ከምግብ ሰዓት እንዳርቃቸው፣ ምስሩንም ብርቱካን ወይም ሎሚ ካለው ነገር ጋር እንድበላ መከረኝ።

ክብደትዎ መቀነሱን ከቀጠለ፣ የሚበሉት ካልረጋልዎት፣ ትኩሳቱ ከተመለሰ ወይም ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ትተው ቶሎ ሐኪም ይዩ። እስከዚያው ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ የበሉትን ቢጽፉልኝ የጎደለውን አብረን እናያለን።