በሕመም ከሥራ ስለ መቅረት ጠይቁኝ

በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክሊኒክ 11 ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። ጠዋት ጠዋት የሐኪም ወረቀት ፍለጋ የሚሰለፈውን ሰው አውቀዋለሁ። ያላችሁን ጠይቁኝ፣ የቻልኩትን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ የፈረቃ መሪ ነኝ። ሰኞ በመጣ ቁጥር እኩለ ቀን ላይ "አመመኝ" ብለው የሚወጡ ልጆች አሉኝ። የእሁድ መጠጥ ነው መሰለኝ።

መልስ፦ የሚጠጣ አይጠፋም ወንድሜ። ግን የት ክፍል ነው የሚሠሩት? ጥጥ ማበጠሪያ ወይም መፍተያ ከሆኑ አትቸኩል። የጥጥ ብናኝ የሚያመጣው ቢሲኖሲስ የሚባል የሳንባ በሽታ አለ። ጠባዩ ለየት ያለ ነው። አርፎ የመጣን ሰው በመጀመሪያው የሥራ ቀን፣ ሥራ ከጀመረ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ደረቱን ጭምድድ ያደርገዋል፣ ያስለዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ማክሰኞና ረቡዕ ደግሞ ሻል ይለዋል። ለዚህ ነው አለቃው ሰነፍ የሚለው። ሲቆይ ግን ሳምንቱን ሙሉ ይሆናል፣ ሳንባውም ላይመለስ ይችላል። ወደ ክሊኒክ ላካቸው። የብናኝ መሳቢያው መሥራቱንም እይ።

ጥያቄ፦ ሁለት ወር ተኝቼ የሁለተኛው ወር ደመወዜ ግማሽ ሆነ። ልክ ነው?

መልስ፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት አዎ እህቴ። የመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት 50 በመቶ፣ ከዚያ 3 ወራት ያለ ክፍያ ነው። ሥራው ራሱ ካሳመመሽ ግን ሌላ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ይከፈልሻል። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ስትሄጂ ምን እንደምትሠሪ፣ ምን ዓይነት አቧራ እንደምትተነፍሺ፣ ስንት ሰዓት ቆመሽ እንደምትውዪ ንገሪው። ካልነገርሽው በምን ያውቃል?

ጥያቄ፦ ግፊትህ 160/100 ነው ተባልኩ። ግን ምንም አያመኝም።

መልስ፦ ችግሩም እሱ ነው። ግፊት ዛሬ ከሥራ አያስቀርህም። ከዓመታት በኋላ ስትሮክ ወይም የኩላሊት ድካም ሆኖ ሲመጣ ግን ጨርሶ ቤት ያውልሃል። መድኃኒት ከታዘዘልህ ደህና ነኝ ብለህ እንዳታቋርጥ፣ እባክህ።

ጥያቄ፦ ሰው ኃይል ክፍል ነው የምሠራው። የሐኪም ወረቀት ላይ ቁጥጥር ብናጠብቅ ቀሪው አይቀንስም?

መልስ፦ ወረቀቱ ይቀንስ ይሆናል፣ ሕመሙ ግን እዚያው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ከ10,000 በላይ የእንግሊዝ መንግሥት ሠራተኞችን የተከታተለ ኋይትሆል የሚባል ጥናት አለ። ዝቅተኛው እርከን ላይ ያሉት ወንዶች በሕመም የሚቀሩት ከላይኞቹ 6 እጥፍ ነበር። ሁሉም የቢሮ ሰዎች ናቸው እንግዲህ! ሲጋራና የመሳሰለው አንዱ ምክንያት ነበር፣ በገዛ ሥራው ላይ ምንም የማይወስን ሰው መሆንም እንዲሁ። እኔ ብሆን ቀሪውን በስም ሳይሆን በክፍልና በማሽን ነበር የምቆጥረው። የወገብ ሕመም ሁሉ ከአንድ መጋዘን የሚመጣ ከሆነ ሰዎቹን ሳይሆን ሸክሙን ነው የምታየው።

ጥያቄ፦ ጉንፋን ይዞኛል። ብቀር የአቴንዳንስ ቦነሴ ይሄዳል።

መልስ፦ የቤት ኪራይ አለብሽ፣ ይገባኛል። ትኩሳት ካለሽ ግን ቅሪ። አናቱ እየዞረበት ማሽን ላይ የቆመ ሰው ጣት ስንቴ አሽጌያለሁ። ሳሉ 2 ሳምንት ካለፈው ደግሞ ጉንፋን ነው አትበዪ፤ አክታሽን አስመርምሪ። የቲቢ ምርመራውም መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው።