ከአንጎል ምርምር ላቦራቶሪ ቴክኒሻኖች የደረሱን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ በባዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ። በአንጎል ምርምር ላቦራቶሪ ለመቀጠር ስለ አንጎል ብዙ ማወቅ ይጠበቅብኛል?

መልስ፦ የአንጎልን ክፍሎች ስም እየሠሩ ይማሩታል። አስቀድመው ሊይዙት የሚገባው የሶሉሽን ስሌትንና ጥንቃቄን ነው። ለምሳሌ አንጎሉ እንዳይበሰብስ የሚያቆየውን 4 በመቶ ፓራፎርማልዲሃይድ ለማዘጋጀት ለ1 ሊትር 40 ግራም እንደሚያስፈልግ፣ ዱቄቱም የሚሟሟው ሲሞቅና ጥቂት ጠብታ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሲጨመርበት እንደሆነ፣ የሚወጣው የፎርማልዲሃይድ ትነትም ካንሰር አምጪ ስለሆነ ሥራው ሁሉ አየር በሚስብ ሳጥን ውስጥ እንደሚከናወን የሚያውቅ አመልካች ከብዙዎች ይቀድማል።

ጥያቄ፦ ባለፈው ወር የነርቭ ሕዋሳትን ለይቶ ያሳየኝ የአንቲቦዲ ማቅለሚያ አሁን ስላይዱን በሙሉ ያበራዋል። ምን ልቀይር?

መልስ፦ ለጊዜው ምንም አይቀይሩ። በዚህ ማቅለሚያ የመጀመሪያው አንቲቦዲ (ከተፈለገው ፕሮቲን ጋር የሚጣበቅ ሞለኪውል) ሕዋሱን ይይዛል፤ ሁለተኛው ደግሞ በመጀመሪያው ላይ ተጣብቆ ያበራል። ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ የቀየረ ሰው፣ ሥራው ቢስተካከል እንኳ የቱ እንዳስተካከለው አያውቅም። ከዚያው አንጎል ሁለት ስስ ቁራጮች ይውሰዱና አንዱን ያለ ምንም አንቲቦዲ፣ ሌላውን ብርሃን በሚሰጠው በሁለተኛው አንቲቦዲ ብቻ ይሥሩ። የመጀመሪያው ቁራጭ ካበራ ብርሃኑ የራሱ የአንጎሉ ነው፤ ከእርጅና ጋር የሚጠራቀሙ ነገሮችም ሆኑ የፎርማልዲሃይዱ ቆይታ ይህን ያመጣሉ። ሁለተኛው ቁራጭ ብቻ ካበራ ሁለተኛው አንቲቦዲ ያለቦታው እየተጣበቀ ነው ማለት ነው፤ በተለይ በአይጥ አንጎል ላይ ከአይጥ የተሠራ የመጀመሪያ አንቲቦዲ የሚጠቀሙ ከሆነና ደሙ በደንብ ካልታጠበ፣ የደም ሥሮቹ ሲያበሩ ያያሉ። ሁለቱም ቁራጮች ጨለማ ከሆኑ የሚጠረጠረው የመጀመሪያው አንቲቦዲ ነው። በብልቃጡ ላይ ያለውን የምርት ቁጥር ከመዝገብዎ ጋር ያስተያዩ፤ ፖሊክሎናል የሚባሉት (የብዙ ዓይነት አንቲቦዲዎች ቅልቅል የሆኑት) ከአንድ ምርት ወደ ሌላው ስለሚለያዩ ለአዲሱ ብልቃጥ የሚስማማውን መጠን እንደገና መፈለግ ግድ ይሆናል። ቁጥሩን ካልመዘገቡ ግን ይህን ሁሉ በግምት ነው የሚሠሩት።

እግረ መንገዴን ላንሳ፦ ጣሊያናዊው ተመራማሪ ካሚሎ ጎልጂ በ1873 ያስተዋወቀው የብር ማቅለሚያ ለዘርፉ በር የከፈተው ጥቂት ሕዋሳትን ብቻ መርጦ ከነቅርንጫፎቻቸው ስለሚያሳይ ነው። ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃልም በዚሁ ዘዴ ሠርቶ በ1906 ከጎልጂ ጋር ኖቤልን ተጋርቷል። ሁሉንም የሚያበራ ስላይድ ምንም አያሳይም።

ጥያቄ፦ ሕዋሳት ስቆጥር የትኛው አንጎል መድኃኒት ከተሰጠው እንስሳ እንደመጣ አውቃለሁ። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ዓይን የሚጠብቀውን ያያል። ሌላ ሰው ስላይዶቹን በኮድ ይሸፍንልዎ፤ ኮዱም ቆጠራው እስኪያልቅ አይፈታ።

ጥያቄ፦ እንስሳት መግደል ይከብደኛል። ሥራው ለእኔ አይሆንም ማለት ነው?

መልስ፦ እኔ ከሚከብደው ይልቅ ምንም የማይሰማው ሰው ያሰጋኛል። እንግሊዛውያኑ ሳይንቲስቶች ዊልያም ራስልና ሬክስ በርች በ1959 ያስቀመጧቸው መርሆች እንስሳውን በሌላ መተካትን፣ ቁጥሩን መቀነስንና ሥቃዩን ማቅለልን ይጠይቃሉ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በአብዛኛው በቴክኒሻኑ እጅ ናቸው፤ በአግባቡ የተዘጋጀ አንጎል ሌላ እንስሳ እንዳይደገም ያደርጋልና። ፈጽሞ የማይችሉ ከሆነ ግን በላቦራቶሪ በሚያድጉ ሕዋሳት ወይም ከሞት በኋላ በተለገሰ የሰው አንጎል ላይ የሚሠሩ ቡድኖች ስላሉ፣ ይህንን ከመቀጠርዎ በፊት በግልጽ ይናገሩ።

ጥያቄ፦ የሠራሁት ሥዕል ታተመ፤ ስሜ ግን የለም። መብቴ ነው?

መልስ፦ በሕክምና መጽሔቶች ዘንድ በሰፊው በሚሠራበት መስፈርት የቴክኒክ እገዛ ብቻ ደራሲ አያሰኝም፤ በምስጋና ክፍል መጠቀስ ግን ተገቢ ነው። ሙከራውን በመንደፍ ወይም ውጤቱን በመተንተን ከተሳተፉ፣ ረቂቁን ለማረምና ለማጽደቅ ዕድሉ እንዲሰጥዎ ሥራው ሲጀመር በጽሑፍ ይጠይቁ።