ዳኛውን የሚያስገድደው የቱ ነው?

ልጆቼ፣

ችሎት መቆም ስትጀምሩ አንድ ጥያቄ ከአእምሯችሁ አይጥፋ፦ ይህን የምጠቅሰውን ጽሑፍ ዳኛው የግድ ይከተለዋል ወይስ እንዲቀበለው ማሳመን አለብኝ? እኔ ይህን የተማርኩት በደንበኛዬ ኪሳራ ነው።

ጉዳዩ የቤት ሽያጭ ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 እንዲህ ያለ ውል በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ (ውል በሚያረጋግጥ ሹም) ፊት ይደረግ ይላል፤ የእኛ ግን በመንደር ነበር የተጻፈው። ይህ ሥርዓት ካልተሟላ ውሉ አይጸናም የሚል የሰበር ችሎት፣ ማለትም በመጨረሻ ፍርድ ላይ መሠረታዊ የሕግ ስህተት መኖሩን የሚመረምረው ችሎት፣ ውሳኔ ይዤ ለሻጩ ተከራከርኩ። ደንበኛዬ ቤቱን መሸጡን አልካደም፤ እኔም ይህን ከቁብ አልቆጠርኩትም። የገዢው ጠበቃ ተነሣና የሰበር ውሳኔዎች ታትመው ከሚወጡባቸው ቅጾች ሌላውን ገለጠ። ብጫቂ ወረቀት ካስገባበት ገጽ ላይ፣ ሻጩ ውሉን መዋዋሉን ካልካደ ውሉ በአዋዋይ ፊት ባለመደረጉ ብቻ አይፈርስም የሚለውን የኋላ ውሳኔ ረጋ ብሎ አነበበ። የማውቀው የቀድሞውን ብቻ ነበር። ከችሎት ስንወጣ ደንበኛዬ «ጠበቃዬ፣ ይህን አላዩትም ነበር?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሕጋችን በአብዛኛው ከአውሮፓ አህጉር የሕግ ሥርዓት የተቀዳ ነው፤ በዚያ ሥርዓት የበላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ በመርሕ ደረጃ የበታቹን በሕግ አያስገድደውም። በእኛ አገር የሰበርን የሕግ ትርጉም አስገዳጅ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 454/1997 ነው። ከአምስት ያላነሱ ዳኞች በተሰየሙበት የፌዴራል ሰበር ችሎት የተሰጠ የሕግ ትርጉም የፌዴራሉንም የክልሉንም ፍርድ ቤት ያስገድዳል። ዛሬ የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ደግሞ ነባሩን ትርጉም ለመለወጥ ከሰባት ያላነሱ ዳኞች እንዲሰየሙ ይጠይቃል። የሚያስገድደው ታዲያ የሕጉ ትርጉም ነው፤ ማን ረታ የሚለው አይደለም። ስለዚህ በቅጹ ማውጫ ላይ የሰፈረችውን አጭር ሐሳብ አንብባችሁ አትነሡ። ፍሬ ነገሩንና ሐተታውን እስከ መጨረሻው አንብቡ፤ የእናንተ ጉዳይ የሚለይበት ነጥብ ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ ነው።

የሕጎችን ደረጃ ታውቁታላችሁ፤ ሕገ መንግሥት፣ አዋጅ፣ ደንብ፣ መመሪያ። ነገር ግን የመሥሪያ ቤት መመሪያ ሲቀርብባችሁ ቶሎ እጅ አትስጡ። የወጣበትን አዋጅ ፈልጉና ከተሰጠው ሥልጣን አልፎ እንደሆነ መርምሩ።

ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ ስለተማራችሁ አዋጆች የሚታተሙበትን ነጋሪት ጋዜጣ ስትከፍቱ ዓይናችሁ ወደ እንግሊዝኛው ዓምድ ይሮጣል። በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት ግን የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ነው። ሁለቱ የሚለያዩበት ጊዜ አለና ክርክራችሁን በእንግሊዝኛው ላይ ብቻ አትመሥርቱ።

የመምህራንን መጽሐፍ፣ የውጭ አገር ፍርድና የሌላ ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ውሳኔ አትናቁ። ሕጉ ዝም ያለበት ወይም የተድበሰበሰበት ቦታ ላይ ትልቅ አጋዥ ናቸው፤ ዳኛውን ግን አያስገድዱትም። በማመልከቻችሁ ላይ ከሕጉና ከሰበር ትርጉም በኋላ አስፍሯቸው፤ ለምን ሊያሳምኑ እንደሚገባም ጻፉ።

ያ የቀድሞውን ውሳኔ የያዘው፣ ይዤው የተሸነፍኩበት ቅጽ እስካሁን መደርደሪያዬ ላይ አለ። የዚያን ዕለት ማታ በውሳኔው ኅዳግ ላይ የኋለኛውን መዝገብ ቁጥር በእርሳስ ጻፍኩበት። ከዚያ ወዲህ አዲስ ቅጽ በወጣ ቁጥር የቆዩትን አውርጄ እንዲሁ አደርጋለሁ።