ማቆያ ውስጥ የገባው ዓሣ ለምን ትንፋሽ ያጥረዋል?

ጥያቄ፦ ከጅቡቲ የመጣ ክላውንፊሽ አለኝ። ገላው ላይ የጨው ቅንጣት የሚያህል ነጭ ነጥብ ስላየሁ 40 ሊትር ወደሚይዝ ገንዳ ለየሁት። መደበቂያ እንዲሆነው ከዋናው ገንዳ ድንጋይ አስገባሁለት፤ ለአትክልት የሚረጨውን ሰማያዊ የመዳብ ሰልፌት አንድ ቁንጥጫ ጨመርኩ። አሁን ውሃው ፊት ላይ ወጥቶ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ምን ላድርግ? (ከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ መጀመሪያ መዳቡን ያውጡለት። ከሰልፌቱ ክብደት ሩቡ መዳብ ነው። ለነጭ ነጥብ የሚፈለገው በሊትር ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊግራም መዳብ ስለሆነ ለ40 ሊትር 30 ሚሊግራም ገደማ ሰልፌት ይበቃል። ቁንጥጫዎ 300 ሚሊግራም ብትመዝን እንኳ አሥር እጥፍ ጨምረዋል ማለት ነው። የመዳብ መመርመሪያ ከሌለዎት በመዳብ አያክሙ።

አሁኑኑ ከውሃው ግማሹን ይቀይሩ። በባሕር ጨው የተበጠበጠ ውሃ ከሌለዎት ከዋናው ገንዳ ይቅዱ፤ ዓሣው በሽታውን ከዚያው ይዞ ስለወጣ አዲስ ነገር አይጨምርበትም። ማጣሪያው ውስጥ አክቲቭ ካርቦን (መርዝ የሚመጥ ከሰል) ይክተቱ። ድንጋዩ መዳብ ስለሚመጥ ያውጡት፣ ወደ ዋናው ገንዳም አይመልሱት፤ ሽሪምፕና ኮራል ይፈጃል። ለመደበቂያ የፕላስቲክ ቱቦ ቁራጭ ይበቃል።

ትንፋሹን የሚያሳጥረው መዳቡ ብቻ ላይሆን ይችላል። ሙቅና ጨዋማ ውሃ ብዙ ኦክስጅን አይዝም፣ ድሬዳዋ ደግሞ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን ይበልጥ ይቀንሳል። የአየር ፓምፑ ሌትና ቀን ይሥራ። ውሃው ከ28 ዲግሪ ካለፈ በረዶ የሆነ ሃይላንድ ያንሳፉ፤ በሰዓት ከ1 ዲግሪ በላይ ግን አይውረድ። ከዓሣው ቆሻሻ የሚወጣውን መርዝ፣ አሞኒያውን፣ በየቀኑ ይለኩ፤ አዲስ ማቆያ ውስጥ ከበሽታው በፊት የሚገድለው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ከዋናው ገንዳ ማጣሪያ አንድ ስፖንጅ ቢያመጡ አሞኒያውን የሚያስወግዱት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አብረው ይመጣሉ። የተነነውን ውሃ በንጹሕ ውሃ እንጂ በጨው ውሃ አይተኩ።

ሕክምናው የጨዉን መጠን ማውረድ ይሁን። በ2 ቀን ውስጥ ቀስ እያሉ በሪፍራክቶሜትር (የጨው መጠን በብርሃን የሚለካ መሣሪያ) ሲለካ የውሃውን አንጻራዊ ክብደት 1.009 ያድርሱት፣ ከዚያ 30 ቀን ያቆዩት። 1.012 ላይ ከቀረ ነጭ ነጥቡን የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ ሊተርፍ ይችላል፤ ስለዚህ ርካሹን ተንሳፋፊ መለኪያ አይመኑ። ሲጨርሱ ጨዉን በአንድ ሳምንት ይመልሱ። የአፍዴራ ጨው ለዚህ አይሆንም፤ ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ በሚፈለገው መጠን የሉበትም። ነጥቡ እንደ ዱቄት የደቀቀና ወርቃማ ከሆነ ግን ሌላ በሽታ ነው፤ ጨው መቀነስ አይነካውም፣ የሚያድነው በመመርመሪያ የተለካ መዳብ ነው።

ዋናው ገንዳ 76 ቀን ያለ ዓሣ ይቆይ። የጥገኛው እንቁላል መሰል ከረጢት እስከ 72 ቀን ድረስ ሲፈለፈል ታይቷል።

ጥያቄ፦ የታንግ ዓሣዬን ጎን ሌላው ነክሶታል። ከፋርማሲ የገዛሁትን የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ውሃው ውስጥ ልፍታው? (ሐረር)

መልስ፦ አይ። ቴትራሳይክሊን ከባሕር ውሃ ካልሲየምና ማግኒዚየም ጋር ስለሚጣበቅ ዓሣው ጋ የሚደርሰው ጥቂት ነው፤ የማጣሪያዎን ባክቴሪያ ግን ሊጎዳ ይችላል። ብቻውን ለዩት፣ መብራቱን ቀንሱለት፣ አሞኒያው ዜሮ መሆኑን አረጋግጡ፣ መብላቱን ተከታተሉ። ንጹሕ ቁስል በራሱ ይሽራል። ጠርዙ ቀልቶ ከሰፋ ወይም ጥጥ መሰል ነገር ካበቀለ ያኔ የእንስሳት ሐኪም አማክሩ፤ መድኃኒቱም ከምግቡ ጋር ቢሰጥ ይሻላል።