ኮምፒውተሩ ቦርዱን አላየውም ሲል፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን በአርዱይኖና በመሰል ቦርዶች (ኮድ ተጭኖባቸው ሞተርና መብራት የመሳሰሉትን በሚያዝዙ ትናንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎች) ከምትሠሩ ተማሪዎች አብዝቶ የሚደርሰኝ ጥያቄ ኮምፒውተር አላያቸው ስላላቸው ቦርዶች ነው። የመመረቂያ ፕሮጀክት ማስረከቢያ ሲቃረብ ይህ ችግር ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ አውቃለሁ። ያላችሁን ሁሉ ጠይቁ፤ በተራ እመልሳለሁ። አደራ የምላችሁ ግን ቦርዱ ተቃጥሏል ብላችሁ ሌላ ለመግዛት እንዳትሮጡ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድማችን። ኢኤስፒ32 የሚባል ቦርድ ገዝቼ ስሰካው ቀዩ መብራት ይበራል፤ አርዱይኖ ሶፍትዌሩ ላይ ግን ምንም ፖርት (ቦርዱ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኝበት መስመር) አይመጣም። ሶፍትዌሩን አጥፍቼ እንደገና ብጭነውም ያው ነው።

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። ለጊዜው ሶፍትዌሩን ዝጋው፤ ችግሩ እሱ ጋ አይደለም። ቀዩ መብራት የሚነግርህ ኃይል መድረሱን ብቻ ነው። በዩኤስቢ 2.0 ገመድ ውስጥ አራት ሽቦ አለ፦ ሁለቱ 5 ቮልቱንና ግራውንዱን (የኃይሉን መመለሻ መስመር) ያመጣሉ፣ ሁለቱ ዳታ ያመላልሳሉ። ለቻርጅ ብቻ ተብለው የሚሠሩ ርካሽ ገመዶች የዳታዎቹ ሽቦዎች የሏቸውም፤ በመልክ ደግሞ ከሌላው አይለዩም። ስለዚህ ከስልክ ወደ ኮምፒውተር ፎቶ ያስተላለፍክበትን ገመድ አምጣ።

ከዚያ ዊንዶውስ ላይ ዲቫይስ ማኔጀርን (የተሰኩ መሣሪያዎችን ዝርዝር የሚያሳየውን መስኮት) ክፈትና ዓይንህን ከዝርዝሩ ሳትነቅል ቦርዱን ሰካ፣ ንቀል፣ ሰካ። ድምፅም ካልተሰማ፣ ዝርዝሩም ንቅንቅ ካላለ፣ ጥፋቱ ገመዱ፣ ሶኬቱ ወይም ቺፑ ነው። አንድ ነገር ብቅ ካለ፣ ምንም ስም ይኑረው፣ የዳታ ሽቦው ደርሷል ማለት ነው። ይህን ሳታይ ወደ ሌላ ሙከራ አትሂድ፤ ብዙ ሰው ቀኑን የሚያባክነው የገመድን ችግር በድራይቨር (ኮምፒውተሩ ከመሣሪያው ጋር እንዲግባባ በሚያደርገው ፕሮግራም) ለመፍታት ሲሞክር ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ድምፁን ሰምቻለሁ። ቦርዴ አርዱይኖ ኡኖ ነው፤ ዝርዝሩ ላይ «ዩኤስቢ 2.0 ሲሪያል» የሚል ጽሑፍ ከቢጫ ምልክት ጋር መጣ።

መልስ፦ ደስ የሚል ዜና ነው እህቴ፤ ኮምፒውተሩ አይቶታል፣ የጎደለው ድራይቨር ነው። ይህን ነገር ሁላችሁም ብትይዙት እወዳለሁ፦ በተለመደው ኡኖ (አር3 እና ኮፒዎቹ) ላይ ኮድሽን የሚያሄደው ዋናው ቺፕ፣ አትሜጋ328ፒ፣ ከዩኤስቢ ጋር መነጋገር አይችልም። በመሀል እንደ አስተርጓሚ የሚሠራ ሌላ ቺፕ አለ። በኦሪጅናሉ ኡኖ አር3 ላይ አትሜጋ16ዩ2 ነው፤ ኮፒዎቹ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሲኤች340 ነው። ኮምፒውተሩ የሚያየው አስተርጓሚውን ብቻ ነው። ስለዚህ ኡኖ አልታይ ሲል የጻፍሽው ኮድ ጥፋት የለበትም፤ ዋናው ቺፕ ባዶ ቢሆንም እንኳ ፖርቱ መታየት አለበት።

ከዩኤስቢ ሶኬቱ አጠገብ ያለውን ቺፕ በስልክሽ ካሜራ አጉልተሽ አንብቢ። ሲኤች340 ከሆነ ኢንተርኔት ያለው ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ ድራይቨሩን ራሱ ያመጣዋል። ኢንተርኔት ከሌለሽ ጓደኛ ጋ አውርደሽ በፍላሽ አምጪው፤ ግን ከአምራቹ ከደብሊውሲኤች ገጽ ይሁን። ብዙ ኢኤስፒ32 ቦርዶች ላይ ያለው ሲፒ2102 ደግሞ የሲሊከን ላብስ ነው፤ ድራይቨሩም የተለየ ነው።

ጥያቄ፦ የቴክኒክ ኮሌጅ መምህር ነኝ። ከቦርዶቻችን አንዱ «ያልታወቀ የዩኤስቢ መሣሪያ፣ ኮድ 43» ይላል። ድራይቨሩን ሦስቴ ጫንን።

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። እዚህ ላይ ድራይቨር አይረዳዎትም። ኮምፒውተሩ አንድ ነገር እንደተሰካ አውቋል፤ ማንነቱን ሲጠይቅ ግን የሚገባ መልስ አላገኘም። ድራይቨር የሚመረጠው ከዚያ መልስ በኋላ ነው። ቦርዱ ላይ የተሰካውን ሽቦ በሙሉ ይንቀሉ፣ ሀብ (የዩኤስቢ ማባዣ) ካለ ያስወግዱ፣ አጭር ገመድ ይጠቀሙ። ካልሆነ የሶኬቱን እግሮች በአጉሊ መነጽር ይመልከቱ፤ በተለይ ማይክሮ ዩኤስቢ ሶኬት በተማሪ እጅ ሲመላለስ ከብየዳው ይላቀቃል። ቴስተር ካለዎት ከሶኬቱ የዳታ እግሮች እስከ ቺፑ ድረስ ይለኩ። መስመሩ ደህና ሆኖ በሌላ ኮምፒውተርም ያው ከሆነ የዩኤስቢ ቺፑ ተበላሽቷል ብለው መደምደም ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ኡቡንቱ 22.04 (ሊኑክስ) ላይ ነኝ። ሲኤች340 ያለው ቦርድ ለቅጽበት ይታይና ይጠፋል።

መልስ፦ ቢአርኤልቲቲዋይ የሚባል፣ ለዓይነ ስውራን የብሬይል መሣሪያዎች የተሠራ ፕሮግራም ነው ፖርቱን የሚነጥቅህ። ሲኤች340ን የራሱ መሣሪያ መስሎት ይይዘዋል። በኮምፒውተሩ ላይ የብሬይል ተጠቃሚ ከሌለ አራግፈው፣ ቦርዱን ነቅለህ ሰካ። ቀጥሎ ፈቃድ የለህም ካለህ ስምህን ዲያልአውት በሚባለው ቡድን ውስጥ አስገብተህ ከአካውንትህ ወጥተህ ግባ።

ጥያቄ፦ ሰርቮ ሞተር ሳገናኝ ፖርቱ ይጠፋል፤ ስነቅለው ይመለሳል።

መልስ፦ ሞተሩ ሲነሣ የሚስበው ኃይል ቮልቴጁን ያወርደዋል፣ ቦርዱም ይጠፋል። የኡኖ መከላከያ ፊውዝ በ500 ሚሊአምፔር ገደማ ታስቦ የተሠራ ነው። ለሞተሩ የራሱን 5 ቮልት ስጠው፣ ግራውንዱን ግን ከቦርዱ ግራውንድ ጋር አገናኝ።

ጥያቄ፦ በአዲሱ ላፕቶፔ ከታይፕ ሲ ወደ ታይፕ ሲ ገመድ ስሰካ መብራቱ ጨርሶ አይበራም። በድሮው ላፕቶፕ ይሠራል።

መልስ፦ ሁለቱም ጫፍ ታይፕ ሲ ሲሆን ላፕቶፑ ኃይል የሚለቀው በቦርዱ ሶኬት ላይ ሁለት 5.1 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮችን ሲያገኝ ነው። አንዳንድ ርካሽ ቦርዶች እነሱን ዘለዋቸዋል። ከተለመደው ሰፊ ዩኤስቢ ወደ ታይፕ ሲ የሚሄድ ገመድ ተጠቀም።

ጥያቄ፦ ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ ላይ ኮድ ከጫንኩ በኋላ ጠፋ። እርስዎ ኮድ ጥፋት የለበትም ብለው ነበር።

መልስ፦ ያልኩት ስለ ኡኖ ዓይነቶቹ ነው። ፒኮ አስተርጓሚ ቺፕ የለውም፤ ዩኤስቢውን ዋናው ቺፕ ራሱ ስለሚያንቀሳቅሰው ኮዱ ከተንጠለጠለ ፖርቱም አብሮ ይሄዳል። ቡትሰል የሚለውን ቁልፍ ተጭነሽ እንደያዝሽ ሰኪው፤ እንደ ፍላሽ ዲስክ ሆኖ ይመጣል፣ አዲስ ኮድ ትጭኛለሽ።

ጥያቄ፦ ኡኖዬ ፖርቱ ይታያል፣ ኮድ ግን አይቀበልም። ሞቷል ማለት ነው?

መልስ፦ መጀመሪያ ፒን (የቦርዱ ሽቦ መሰኪያ) 0 እና 1 ላይ የተሰካ ካለ ንቀል፤ ኮድ የሚያልፈው በእነሱ ነው። ካልሆነ ሪሴትን ከግራውንድ ጋር፣ ፒን 0ን ከፒን 1 ጋር በሽቦ አገናኝና ሲሪያል ሞኒተር (በአርዱይኖ ሶፍትዌሩ ከቦርዱ ጋር ጽሑፍ የምትለዋወጥበት መስኮት) ላይ የሆነ ነገር ጻፍ። የጻፍከው ከተመለሰልህ የዩኤስቢው ወገን ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ዋናው ቺፕ ወይም ቡትሎደሩ (በቺፑ ውስጥ ሆኖ አዲስ ኮድ የሚቀበለው ትንሽ ፕሮግራም) ጋ ነው። ቺፑ ረጅሙና በሶኬት ላይ የተቀመጠው ዓይነት ከሆነ እሱን ብቻ ቀስ ብለህ ነቅለህ መተካት ትችላለህ። ስትገዛ ቡትሎደር የተጫነበት መሆኑን ጠይቅ፤ ስትሰካም የጠርዙ ቁራጭ በሶኬቱ ላይ ካለው ቁራጭ ጋር ይግጠም።