ኮሌጅ መግባት የበረኛን ዕድል ይዘጋል?

«ኮሌጅ የገባ የበረዶ ሆኪ በረኛ ኤንኤችኤል (የሰሜን አሜሪካ ዋናው የሆኪ ሊግ) ሳይደርስ ጊዜው አያልፍበትም?» ላልከው፣ አያልፍበትም ባይ ነኝ። ካናዳዊውን በረኛ ኬን ድራይደንን ተመልከት። በ1964 ገና ልጅ ሳለ በኤንኤችኤል ቡድን ተመርጦ ነበር። እሱ ግን ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ገባ። በዋናው ቡድን በሦስት ዓመት 76 ጨዋታ አሸነፈ፤ የተሸነፈው 4 ብቻ! በ1967 የኮሌጆቹን ዋንጫም በላ።

የሚገርመው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የኤንኤችኤሉ ቡድን ሞንትሪያል ካናዲያንስ በ1971 የውድድር ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ጠራው። 6 ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ ለጥሎ ማለፉ አሰለፉት። የሊጉን ዋንጫ ስታንሊ ካፕን ወሰዱ፣ እሱም የጥሎ ማለፉ ኮከብ ተባለ። የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች የተባለው ደግሞ በቀጣዩ ዓመት ነው፤ ነገሩ ትንሽ ያስቃል።

ትምህርቱንም አልጣለም። ከቡድኑ ጋር በደመወዝ አልስማማ ሲሉ 1973-74ን ሙሉ ሆኪውን ትቶ ቶሮንቶ ባለ የሕግ ቢሮ ውስጥ ሠራ። ከዚያ ተመለሰ። በ1979፣ ገና በ31 ዓመቱ፣ 6 ስታንሊ ካፕ ይዞ ጫማውን ሰቀለ።

ቪዲዮዎቹን ፈልግና እይ። ጨዋታው ወዲያ ማዶ ሲሆን ዱላውን በረዶው ላይ ተክሎ፣ እጆቹን ጫፉ ላይ ደራርቦ ይቆማል። ቁርጥ ከብት የሚጠብቅ እረኛ!